በገንዘብ ወረቀት ላይ የሚበራው ስውር ቀለም፤ ታሪኩና ንግዱ

(በሬዲዮ የተነገረ)



በባንክ መስኮት ፊት ተራ ስንጠብቅ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር እናያለን። ገንዘብ ተቀባዩ የተሰጠውን ወረቀት በጣቶቹ ይዳስሳል፤ ወደ ብርሃን አንሥቶም ይመለከተዋል፤ ከዚያም ሐምራዊ ብርሃን ካላት ትንሽ መብራት ሥር ያኖረዋል። በዚህ ጊዜ በቀን ብርሃን ያልታየው ነገር ይገለጣል። በወረቀቱ ውስጥ የተበተኑት ጥቃቅን ክሮች እንደ ፍም ይቀላሉ፤ ተሰውሮ የነበረውም ምልክት አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ገንዘብ ተቀባዩ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወረቀቱን ከመሰሎቹ ጋር ይደርበዋል፤ እኛም ደረሰኛችንን ተቀብለን እንሄዳለን።

ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ ያ ብርሃን ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ብርሃኑን የሚሰጠው የቀለም ዱቄት ከ400 ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ታሪክ አለው፤ እንግዳ ጠባይ ያለው ንግድም አለው። ማናቸውም ነጋዴ ዕቃውን ገንዘብ ላለው ሰው ሁሉ ለመሸጥ ይመኛል። የዚህ ቀለም ነጋዴ ግን ገንዘብ ይዞ የመጣውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አልሸጥልህም ብሎ ይመልሰዋል። ነገሩ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ዛሬ ከታሪኩ ጋር ላስረዳችሁ አስቤአለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልሁ በቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ነው። በ1603 ዓመት ገደማ በዚያ ከተማ ቪንቼንሶ ካሻሮሎ የሚባል አንድ ጫማ ሰፊ ነበረ። ይህ ሰው ከጫማው ሥራ ሌላ፣ በዘመኑ እንደ ነበሩት እንደ ብዙዎቹ ሰዎች፣ ተራውን ማዕድን ወደ ወርቅ ለመለወጥ ተስፋ አድርጎ ድንጋይ እየለቀመ በእሳት ይፈትን ነበር። ከከተማው አጠገብ ካለው ከፓዴርኖ ተራራ ያገኘውን ከባድ ድንጋይ ከከሰል ጋር ቢያነደው ወርቅ አላገኘም፤ ነገር ግን ወርቅ ካገኘ ሰው ይልቅ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ድንጋዩ ቀን በፀሐይ ከቆየ በኋላ ወደ ጨለማ ቤት ሲገባ እንደ ፍም ያበራ ነበርና። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ድንጋዩ ባራይት የሚባለው ማዕድን እንደ ነበረና ከከሰል ጋር ሲነድ ወደ ባርየም ሰልፋይድ እንደሚለወጥ ያስረዳሉ።

የቦሎኛ ድንጋይ ዝና በኤውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ተሰማ። ታላቁ ጋሊሌዎ ስለ ድንጋዩ ተከራከረበት፤ ፎርቱኒዮ ሊቼቲም በ1640 ስለዚሁ ድንጋይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። በ1786 ደግሞ ጀርመናዊው ባለ ቅኔ ጎተ በኢጣልያ ሲጓዝ ወደ ፓዴርኖ ወጥቶ ድንጋዩን ለራሱ ለቅሞ ሄደ። እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። ድንጋዩ በተራራው ላይ ለማንም መንገደኛ ተዘርግቶ ነበር፤ የአሠራሩም ወሬ በመጽሐፍ ታትሞ ነበር። ይሁን እንጂ በደንብ እንዲያበራ አድርጎ ማንደዱ የጥቂት ሰዎች የእጅ ጥበብ ሆኖ ቆየ። ወሬውን ማወቅና ሥራውን መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ታይቷል።

ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደሚሠራ የገለጠው የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ነው። ለዚህም ምክንያት የሆነው ለወባ መድኃኒትነት የምናውቀው ኪኒን ነበረ። ጆን ሄርሸል የተባለው ሊቅ በ1845 ኪኒን የተሟሟበት ጥሩ ውሃ በፀሐይ ፊት ላዩ ሰማያዊ ሆኖ ሲያበራ አይቶ ተደነቀ። ስቶክስ በ1852 ነገሩን ፈታው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሐምራዊው ባሻገር ያለ፣ ዓይን የማያየው ጨረር አለ፤ ይህንም ዛሬ አልትራቫዮሌት እንለዋለን። ኪኒኑ ይህን ስውር ጨረር ይቀበልና ኀይሉን ቀንሶ፣ ዓይን በሚያየው ብርሃን መልሶ ይሰጠዋል። ስቶክስም ይህን ጠባይ ፍሎረስፓር በሚባለው ማዕድን ስም ፍሎረሰንስ ብሎ ሰየመው። እንዲህ ያለው ብርሃን ጨረሩ ሲቋረጥ ወዲያው ይጠፋል፤ እንደ ቦሎኛው ድንጋይ ጨረሩ ከተቋረጠ በኋላ ጥቂት የሚቆየው ግን ፎስፎረሰንስ ይባላል።

ስውሩን ጨረር ከሚታየው ብርሃን ለይቶ የሚያሳልፍ ጥቁር መስታወት በ1903 የሠራው አሜሪካዊው ሮበርት ውድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ መስታወት ከሜርኩሪ መብራት ጋር ተጋጥሞ በመርማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የተፋቀ ጽሕፈት፣ የተለወጠ ፊርማ፣ የተቀጠለ ወረቀት በዚህ መብራት ሥር ሲቀርብ ተንኮሉ ይገለጥ ጀመር። በባንክ መስኮት የምናየው መብራት የዚህ መብራት የልጅ ልጅ ነው።

በዚሁ ዘመን ነገሥታትና መንግሥታት ስለ ሐሰተኛ ገንዘብ አብዝተው ይጨነቁ ነበር። በ1925 በሀንጋሪ አገር በትልልቅ ሰዎች ድጋፍ የፈረንሳይ ፍራንክ በሐሰት ታትሞ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ፈረንሳይ ጉዳዩን ለመንግሥታት ማኅበር አቅርባ፣ በሚያዝያ ወር 1929 ሐሰተኛ ገንዘብን ለመከልከል የሚያስችል ስምምነት በጄኔቭ ተፈረመ። ስምምነቱ የሚቀጣው ሐሰተኛውን ገንዘብ የሚያትመውን ብቻ አይደለም፤ ለዚሁ ሥራ ተለይቶ የተዘጋጀውን መሣሪያና ዕቃ በተንኮል የሚሠራውን፣ የሚቀበለውንና በእጁ የሚያስገባውንም ጭምር ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ንግድ ራሱ መጠበቅ ያለበት በር መሆኑን መንግሥታት በአንድ ቃል ተናገሩ።

በሩ ካልተጠበቀ ምን እንደሚሆን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሳየ። የጀርመን ናዚዎች የእንግሊዝን ፓውንድ በሐሰት ለማተም ሲነሡ በመጀመሪያ የሠሩት ወረቀት በቀን ብርሃን እውነተኛውን ይመስል ነበር፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ግን ደብዝዞ ታየ። የሥራው አዋቂዎችም ምክንያቱ ወረቀቱ የተሠራበትና የታጠበበት ውሃ ነው ብለው ገምተው፣ የውሃውን ቅመም ከእንግሊዝ ውሃ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ አስተካከሉና የወረቀቱ መልክ ገጠመ። ከ1942 ጀምሮ በዛክሰንሐውዘን የእስረኞች ሰፈር ወደ 140 የሚሆኑ አይሁዳውያን እስረኞች ሞት ከኋላቸው ቆሞ ይህን ሥራ እንዲሠሩ ተገደዱ። የታተመው ሐሰተኛ ገንዘብ ዋጋ ከ130 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበረ። የእንግሊዝ ባንክም በ1943 ከ10 ፓውንድ ጀምሮ ያሉትን ትልልቅ ወረቀቶች ማውጣቱን አቆመ።

ከዚህ ታሪክ የተገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። በእንግሊዙ ወረቀት ላይ የታየው ብርሃን ማንም አስቦ ያኖረው ምልክት አልነበረም፤ ከጨርቁና ከውሃው በአጋጣሚ የመጣ ነበረ። በአጋጣሚ የመጣውን ደግሞ ጎበዝ አዋቂ በጥናት ይደርስበታል። ብርሃኑ ጠባቂ እንዲሆን ከተፈለገ ታስቦ መቀመጥ አለበት፤ የሚቀመጠውም ዱቄት በገበያ የማይገኝ መሆን አለበት።

ከጦርነቱ በኋላ ይህን ሐሳብ የሚያግዝ አንድ ነገር ሳይታሰብ መጣ። በ1929 ጀርመናዊው ፓውል ክራይስ ከአንድ የዛፍ ፍሬ በተገኘ ቅመም የተነከረ ጨርቅ ከበፊቱ ይልቅ እንደሚነጣ አሳይቶ ነበር። ቅመሙ ስውሩን ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚሰጥ የጨርቁን ብጫቴ ይሸፍነዋል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካዎች እንዲህ ያሉትን ማንጫ ቅመሞች በብዛት ሠርተው በሳሙና ዱቄትና በጽሕፈት ወረቀት ውስጥ ጨመሯቸው። ስለዚህ በየመሥሪያ ቤታችን የምንጽፍበት ነጭ ወረቀት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር እንደ ሰማያዊ ነበልባል ያበራል። ከጥጥ የሚሠራው የገንዘብ ወረቀት ግን ማንጫ ቅመም ስለማይገባበት ጨለማ ሆኖ ይቀራል፤ በላዩም የሚበሩት ታስበው የተቀመጡት ምልክቶች ብቻ ናቸው። ከሱቅ በተገዛ ወረቀት ላይ የሚያትም አታላይ በወረቀቱ ይጋለጣል።

የሚበራውን ቀለም አስቦ በወረቀት ላይ በማተም ረገድ ፖስታ ቤቶች ቀደምት ከሆኑት መካከል ናቸው። በ1959 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ከተማ ፎስፈር የተባለው አብሪ ቀለም በቴምብሮች ላይ በመስመር ታተመ። ዓላማው ሐሰትን መከልከል ሳይሆን፣ ማንበብ የማይችለው መኪና ቴምብሩ ከደብዳቤው በየት በኩል እንዳለ በብርሃኑ አውቆ ማኅተም እንዲመታበት ነበር። በ1963 አሜሪካኖችም በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ ይህንኑ ጀመሩ። በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ታወቀ፤ አንደኛው አብሪው ዱቄት በሚሊዮን በሚቆጠር ወረቀት ላይ መታተም እንደሚችል፣ ሁለተኛውም የሰው ዓይን የማያየውን ምልክት መኪና በፍጥነት ሊያነብ እንደሚችል ነው። ዛሬ በየባንኩ ገንዘብ የሚቈጥሩትና የሚመረምሩት መኪናዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ማዕድኑ እንመለስ። በ1901 ፈረንሳዊው ኤዥን አናቶል ደማርሴ አንድ አዲስ ንጥረ ነገር ለይቶ በኤውሮፓ ስም ዩሮፒየም ብሎ ሰየመው። ይህ ንጥረ ነገር ሬር ኧርዝ ከሚባሉት፣ ማለት በምድር ውስጥ ተበታትነው ከሚገኙና አንዱን ከሌላው ለመለየት እጅግ ከሚያስቸግሩት ወገን ነው። ዩሮፒየም ለ60 ዓመታት ያህል ብዙ ጥቅም ሳይሰጥ ቆየ። በ1960ዎቹ ግን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ጥሩ ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ዱቄት አጥቶ ሳለ ዩሮፒየም ፍላጎቱን ፈጸመለት። በካሊፎርኒያ በማውንቴን ፓስ በ1949 የተገኘው የማዕድን ስፍራም በዚህ ምክንያት የዓለም ገበያ መድረሻ ሆነ።

ዩሮፒየም ለገንዘብ ጥበቃ የተመረጠበት ምክንያት በብርሃኑ ጠባይ ነው። ከተራ ማቅለሚያ የሚወጣው ብርሃን በሰፊው የተዘረጋ ሲሆን፣ ከዩሮፒየም የሚወጣው ቀይ ብርሃን ግን እንደ ስለት የጠበበ ነው። ለዓይን ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ በመሣሪያ ሲለኩ ግን አንዱ ሌላውን ሊመስል አይችልም። በ1966 ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ኦዜል ይተርቢየምና ኤርቢየም የሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንድ ላይ ሲሆኑ ከቀይ በታች ያለውን ስውር ጨረር ተቀብለው የሚታይ ብርሃን እንደሚሰጡ አስረዳ። ይህ ስቶክስ ካወጣው ደንብ የተገለበጠ ነው፤ ኀይል ተደምሮ እንጂ ተቀንሶ አይወጣምና። ዛሬ ለመንግሥት ሰነዶች ማተሚያ ከሚቀርቡት አብሪ ዱቄቶች መካከል እንዲህ ያሉትም ይገኛሉ።

ዩሮ የተባለው የኤውሮፓ ማኅበር ገንዘብ ከጥር 1 ቀን 2002 ጀምሮ በሕዝብ እጅ ሲገባ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ በራ። የማኅበሩ ባንክ ስለ ቅመሙ አልተናገረም። በዚያው ዓመት ግን በሆላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፍሬክ ሳይቨርና አንድሪስ ማይሪንክ፣ የወረቀቱን ብርሃን ለክተው ቀዩ ከዩሮፒየም ሳይመጣ እንደማይቀር አሳተሙ። በኤውሮፓ ስም የተሰየመው ንጥረ ነገር በኤውሮፓ ገንዘብ ላይ መገኘቱ ብዙ ሰው አስደሰተ።

ታዲያ ምሥጢሩ ሲገለጥ ገንዘቡ ወደቀ ወይ? አልወደቀም። ዩሮፒየም መሆኑን ማወቅ ዱቄቱን ማግኘት አይደለም። ንጥረ ነገሩን ከሌሎቹ መለየት፣ ከየትኛው ማዕድን ጋር እንደሚዋሐድ መምረጥ፣ በልክ ማቃጠል፣ በቀለም ውስጥ ገብቶ የማተሚያውን መኪና ሳይጎዳ እንዲታተም ማድቀቅ፣ ይህ ሁሉ ፋብሪካና የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ከቦሎኛው ጫማ ሰፊ ጀምሮ የነበረው እውነት ይኸው ነው።

ይህ ሥራ በእጃቸው ያለ ኩባንያዎች ብዙ አይደሉም። በጀርመን በሐኖቨር አጠገብ በዜልዝ ከተማ የሪደል ደ ሐየን ፋብሪካ ሉሚሉክስ በሚል ስም አብሪ ዱቄቶችን ይሠራ ነበር፤ በኋላም ሥራው ወደ አሜሪካው ሃኒዌል ኩባንያ እጅ ገባ። በስዊስ አገር በሎዛን ደግሞ ሲክፓ የሚባለው ኩባንያ አለ። ይህን ኩባንያ በ1927 ያቋቋመው ሞሪስ አሞን ሲሆን፣ በመጀመሪያ ይሸጥ የነበረው ላም ስትታለብ ጡቷ የሚቀባውን ቅባት ነበረ። ከላም ቅባት ተነሥቶ ወደ ቀለም ዞረና፣ በመጨረሻ የዓለም መንግሥታት ገንዘባቸውን የሚያትሙበትን ቀለም ከሚያቀርቡት ዋነኛው ሆነ። እንዲህ ያሉት ሻጮች ለገንዘብ የሚሆነውን ልዩ ቀለም የሚያቀርቡት ለታወቁ የመንግሥትና የገንዘብ ማተሚያ ቤቶች ነው። ቀድሜ አልሸጥልህም የሚል ነጋዴ ያልሁት ይህን ነው። ቀለሙ ለሁሉ ቢሸጥ ዋጋው ይጠፋልና፣ ነጋዴው የሚያተርፈው በመከልከሉ ነው።

ይሁን እንጂ በሩን የሚጠብቁት ኩባንያዎች ራሳቸው በሌላ በር ላይ ደጅ ጠኚዎች ናቸው። በማውንቴን ፓስ ሥራው በ2002 ሲቋረጥ፣ የሬር ኧርዝ ማዕድን አብዛኛው ከቻይና ይመጣ ነበር። ቻይና በ2010 ወደ ውጭ የምትልከውን መጠን በብርቱ ስትቀንስ በተከታዩ ዓመት የዩሮፒየም ዋጋ ብዙ እጥፍ ወጣ። የዓለም ንግድ ድርጅት በ2014 በቻይና ላይ ፈርዶ ገደቡ በ2015 ተነሣ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ቻይና ይትሪየምንና ቴርቢየምን ጨምሮ ሰባት ንጥረ ነገሮች ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አዘዘች። ቴርቢየም አረንጓዴ ብርሃን ለሚሰጡ ዱቄቶች፣ ይትሪየምም ለቀዩ ማደሪያነት የሚያገለግሉ ናቸው። ለገንዘብ ወረቀት የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ አንድ የማዕድን ጉድጓድ በእርሱ ብቻ አይተዳደርም። ማዕድኑ ሲቆፈር የኖረው ለቴሌቪዥንና ለመብራት ነው፤ የገንዘብ ጠባቂው ከእነርሱ ማዕድ በሚተርፈው ይኖራል። አንድ መንግሥት ለገንዘቡ ያለው ክብር የራሱ ቢሆንም፣ ክብሩን የሚያሳየው ብርሃን ከሩቅ አገር በሚመጣ አፈር መደገፉን ማስተዋል ይገባል።

አታላዮችም አልተኙም። ዛሬ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር የሚበራ ተራ ቀለም በየገበያው ይገኛልና፣ በሐሰተኛው ወረቀት ላይ የሚበሩ ክሮችን መሳል ቀላል ሆኗል። አንዳንዶቹም እውነተኛውን የ5 ዶላር ወረቀት በቅመም አጥበው 100 ዶላር ያትሙበታል፤ ወረቀቱ እውነተኛ ስለ ሆነ እጅን ያታልላል። አሜሪካኖች ከ1996 ጀምሮ በልዩ ልዩ ዋጋ ወረቀቶች ውስጥ ያኖሩት ክር ግን በ100 ዶላሩ ሮዝ፣ በ5 ዶላሩ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ ታጥቦ የታተመው ወረቀት መቶ ነኝ ሲል ክሩ አምስት ነህ ብሎ ይመሰክርበታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ገንዘብን የሚጠብቀው አንዱ ምልክት ብቻውን ሳይሆን የምልክቶቹ ኅብረት ነው። ለዚህም ማዕከላዊ ባንኮች ምልክቶቹን በሦስት ደረጃ ይከፍላሉ፤ ሕዝቡ በእጁና በዓይኑ የሚያውቀው፣ ገንዘብ ተቀባዩ በመሣሪያ የሚመረምረው፣ ባንኩ ራሱ ብቻ የሚያውቀው። በአገራችንም በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2013 አዲሶቹ የብር ወረቀቶችና ባለ 200 ብሩ ሲወጡ፣ ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ሐሰተኛ ገንዘብን መከላከል ነበር።

አድማጮቼ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ባንኩ መስኮት እንመለስ። ከገጠር ለገበያ የመጣች አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ ትሰጣለች እንበል። ነጠላው ከእነ ብሩ በሳሙና ዱቄት ታጥቦ ቢሆንስ? በሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጫ ቅመም በወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ እውነተኛው ብርም በመብራቱ ሥር ሰማያዊ ሆኖ እንደ ሐሰተኛ ያበራል። ነገሩን የማያውቅ ገንዘብ ተቀባይ ቢቸኩል፣ ያች እናት የልፋቷን ዋጋ ከማጣቷም በላይ በሕዝብ ፊት አታላይ ትባላለች። የሚያውቀው ግን ወረቀቱን ይዳስሳል፤ የውሃ ምልክቱን በብርሃን ያያል፤ ክሩንም ይፈልጋል፤ ታስበው የተቀመጡት ምልክቶች በየቦታቸው መሆናቸውን ካረጋገጠ በኋላ ይናገራል።

ስለዚህ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ከቦሎኛ ተራራ እስከ ዛሬው ፋብሪካ ድረስ ብርሃኑን የጠበቀው የዕውቀት መሰወር አይደለም፤ ዕውቀቱ ከወጣ ቆይቷል። የጠበቀው ለማን እንደሚሸጥ የሚያውቅ ሻጭ፣ ዕቃውን የሚከታተል ሕግ፣ በመጨረሻም የሚያየውን የሚያስተውል ሠራተኛ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ በሩቅ አገር አሉ፤ ሦስተኛው ግን ከእኛ ከመንግሥትና ከባንክ ሠራተኞች መካከል ነው። ያች ሐምራዊ መብራት ምስክር ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም። መልካም ዳኛም በአንድ ምስክር ቃል ብቻ አይፈርድም።